ሦስት ዋጋ፣ ሦስት የተለያየ ገንዳ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጓሮዬ ውስጥ 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ ላሠራ ፈልጌ ሦስት ኮንትራክተሮች ዋጋ ሰጡኝ። ትልቁ ዋጋ የትንሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መካከለኛውን የሰጠኝ ሰው ደግሞ ከስምንት ወር በፊት ለዚሁ ሥራ በነገረኝ ላይ 30 በመቶ ጨምሯል። ስጠይቀው ‹ብረት ተወደደ› አለኝ። የሦስቱም ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ማንን ልመን? ወይስ ዋጋ እስኪረጋጋ ልጠብቅ?»

ለጊዜው ማንንም አይመኑ። ውሸታሞች ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። ሦስቱም በየአእምሯቸው ያለውን ገንዳ ነው የተመኑት። እጅዎ ላይ ያለው የሦስት የተለያየ ገንዳ ዋጋ ነው። ስለዚህ የትኛው ተወደደ፣ የትኛው ረከሰ ለማለት ገና ነው።

ሥራዬ የግንባታ ዋጋ መተመን ነው። እንደ ገንዳ ሰው ዋጋው ላይ የሚሸወድበት ሥራ አላየሁም። ቤት ሲሠራ ሁሉም ነገር ዓይን ላይ ነው። ግድግዳው ይነካል፣ በሩ ይቆጠራል። የገንዳ ገንዘብ የሚገባው ግን አፈር ውስጥ፣ ኮንክሪት ውስጥና ቧንቧ ውስጥ ነው። ሲያልቅ የሚታየው ሰማያዊ ሴራሚክና ውሃ ብቻ ነው። ሦስቱም የሚያስረክቡዎት ገንዳ የመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት ይመስላል። ልዩነቱ ብቅ የሚለው ሁለተኛው ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ሁለት ወረቀት ላይ እኩል «አርማታ ኮንክሪት» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ 12 ሚሊሜትር ብረት በየ20 ሳንቲሜትር አስቧል። ሌላው 10 ሚሊሜትር በየ30። ሲሰሙት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ባለ 12ቱ ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 10ሩ 0.617። ቀጭን ብረት ተጠቅመው ክፍተቱንም ሲያሰፉት፣ የሁለተኛው ገንዳ ብረት የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማን ያየዋል? የትኛው ይበቃል የሚለውን የሚወስነው አፈሩንና ጥልቀቱን አይቶ ስሌት የሠራ መሐንዲስ ነው። ኮንትራክተሩ በልምድ፣ እኔም ከሩቅ ሆኜ ልንወስነው አንችልም። ለመሐንዲስ የሚከፈለው ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሦስቱም አንድ ሥዕል ይዘው፣ አንድ ገንዳ ይተምናሉ።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ጥልቀቱን አልነገሩኝም። ዝቅተኛው በኩል 1.10 ሜትር፣ ጥልቁ በኩል 1.70 ነው ብዬ ልያዝ። አማካዩ 1.40 ይመጣል። ውሃው ወደ 45 ሜትር ኩብ ነው፤ 45 ሺህ ሊትር፣ 45 ቶን ማለት ነው። የወለሉ ስፋት 32 ካሬ ይሆናል። ብዙ ሰው ሴራሚክ ሲያስብ እዚህ ላይ ያቆማል። ግድግዳውስ? ዙሪያው 24 ሜትር ነው። ከውሃው በላይ የሚቀረውን 15 ሳንቲሜትር ጨምረው ሲያሰሉት ግድግዳው ብቻውን 37 ካሬ ነው። በድምሩ 70 ካሬ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አንዱ ወረቀት ላይ «ሴራሚክ 32 ካሬ» የሚል ካዩ፣ ሰውዬው ወይ ግድግዳውን ቀለም ሊቀባልዎት ነው፣ ወይ ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ «ሴራሚክ አለቀ» ሊልዎት ነው።

ኮንክሪቱ ወለሉም ግድግዳውም 20 ሳንቲሜትር ከሆነ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል። ወደ 15 ሳንቲሜትር ካወረዱት 11 ይሆናል። ከሩብ በላይ ቀነሰ። ይህንን ያህል ካወቁ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው «ስንት ኩብ ኮንክሪት አስበህ ነው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። መልሱ ከአፉ ቶሎ ከወጣ ቁጭ ብሎ አስልቷል። «እሱን ለኛ ተዉት» ካለዎት አላሰላም።

አሁን ወደ ቁፋሮ እንሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ባወራ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የተቃጠልኩበት ቦታ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ገንዳዬን ስተምን የአፈሩን ማስወጫ ያሰላሁት በውሃው ልክ ነበር። 45 ኩብ ውሃ ከሆነ 45 ኩብ አፈር፣ አምስት መኪና። ጨረስኩ አልኩ። ለካ ጉድጓዱ ከገንዳው ይበልጣል። ግድግዳው ራሱ በየጎኑ 20 ሳንቲሜትር ይወስዳል። ከግድግዳው ውጭ ሠራተኛ ቆሞ ፎርምዎርክ (ኮንክሪቱ እስኪደርቅ የሚይዘውን የጣውላ ቅርጽ) የሚያስርበት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያስፈልጋል። ከወለሉ ሥርም የኮንክሪቱ ውፍረትና ከሱ በታች ለመደላደያ የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት (ሊን ኮንክሪት) አለ። ይህን ሁሉ ሲደምሩ 9.40 በ5.40 በ1.85 ሜትር ይሆናል፤ 94 ሜትር ኩብ። ገና አላለቀም። አፈር ሲቆፈር ያብጣል። ታምቆ የኖረው ይፍረከረክና እንደ አፈሩ ዓይነት 20፣ 30 በመቶ ይጨምራል። በ25 በመቶ ቢያስቡት 117 ኩብ ነው። 10 ኩብ በሚጭን መኪና 12 ምልልስ። የተወሰነው ለመልሶ ሙሌት ይቀር ይሆናል፤ ያም አፈሩ ለሙሌት የሚሆን ከሆነ ነው። አለቃዬ አልተቆጣኝም። የመኪኖቹን ደረሰኝ ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ «ቁፋሮ» የምትለዋን ቃል ይፈልጓት። ቀጥላ «እስከ ማስወገድ» ትላለች? የት ድረስ? አፈሩ አጥር ሥር ተከምሮ ቢቀር ማን ያነሳዋል? ማሽን ጓሮ መግባት ካልቻለና በሰው ጉልበት ከተቆፈረ ዋጋው ያው ነው? ዓለት ቢወጣስ? ውሃ ቢወጣስ? ርካሹ ወረቀት ላይ ስለነዚህ ምንም ካልተጻፈ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ያልተጻፈ ሥራ ነፃ ሥራ አይደለም። ዋጋው በኋላ የሚነገርዎት ሥራ ነው።

«በኋላ» የሚለው ቃል ነው አደገኛው። ዛሬ ሦስት ሰው ደጅዎ ላይ ይጠብቃል፤ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ግን እጅዎ ከወርች ይታሰራል። ጓሮዎ ተገምሷል፣ ቀብድ ከፍለዋል፣ ዝናብ እየመጣ ነው፣ የሌላ ሰው ጅምር ተረክቦ የሚጨርስ ኮንትራክተር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ያኔ «ዓለት ወጣ፣ ይህን ያህል ጨምሩ» ቢባሉ ምን ይላሉ? ስለዚህ የጭማሪው ዋጋ ዛሬ ይነገር። «ዓለት ከወጣ በኩብ ይህን ያህል፣ ውሃ መምጠጥ ካስፈለገ በቀን ይህን ያህል» ተብሎ ውሉ ላይ ይስፈር። ላይወጣም ይችላል። ከወጣ ግን ክርክሩ ስለ መጠኑ ብቻ ይሆናል።

ኮንትራክተሩ የሚያመልጥበት ሌላም የማርያም መንገድ አለ። «ለሴራሚክ ይህን ያህል ተይዟል»፣ «ለፓምፕና ፊልተር ይህን ያህል ተገምቷል» የሚሉ መስመሮች ናቸው። በጊዜያዊ ግምት የተያዘ ገንዘብ ማለት ነው። በራሱ ችግር የለበትም፤ ሴራሚኩን ገና ካልመረጡ ምን ይደረግ? ግን አንዳንዱ ጠቅላላውን ለማሳነስ ብሎ ግምቱን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። በተያዘው ገንዘብ መደብር ሄደው በካሬ ምን ዓይነት ሴራሚክ እንደሚገኝ ይዩ። ለመዋኛ የማይሆን የወጥ ቤት ሴራሚክ ብቻ ከሆነ የሚያገኙት፣ ልዩነቱን ከአሁኑ በጠቅላላው ላይ ይደምሩ። ያኔ ርካሹ መካከለኛውን ሲያልፈው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከሦስቱ ወረቀቶች ላይ አዘውትረው የሚጠፉ ነገሮችን ልጥቀስ። የፈቃድ ወጪ። ከቤት እስከ ፓምፑ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር። የፊልተር ማጠቢያ ውሃ የሚወጣበት ፍሳሽ። የመጀመሪያው ሙሌት ውሃ። የዙሪያ ንጣፉ። በማሽን የተጎዳውን ጓሮና አጥር መመለስ። ገንዳው ዙሪያ የሚታጠረው አጥርና ራሱን የሚዘጋ በር ደግሞ ሕፃን ባለበት ቤት እንደ ተጨማሪ ነገር መታየት የለበትም፤ ብዙ ቦታ ሕጉም ያስገድዳል። ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። መብራቱ በ12 ቮልት የሚሠራ ይሁን፤ ብረቱና ገንዳው አካባቢ ያለው ብረት ነክ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ከኧርዝ ጋር ይታሰር፤ ኤሌክትሪክ ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኑር። የወለል መምጠጫው ሁለት ሆኖ ይራራቅ። አንድ ብቻ ከሆነ ሰው ሲሸፍነው ፓምፑ ይዞ ሊያስቀረው ይችላል። ይህ በወረቀት ላይ ካልተጻፈ «እናደርገዋለን» የሚለውን ቃል አይቀበሉ።

የከርሰ ምድር ውሃን ነገር ለብቻው ላንሳው። ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው። ቅድም 15 ኩብ ኮንክሪት ብለናል፤ ክብደቱ ከነብረቱ 37 ቶን ገደማ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከገንዳው ግርጌ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም በግምት ያው 37 ቶን ነው። ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ ገንዳው ይነሳል። አንድ ቦታ ባለቤቱ ለጽዳት ብሎ ከዝናብ በኋላ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አወጣው። በማግስቱ አንዱ ጥግ አንድ ስንዝር ተነስቶ ቧንቧው ሁሉ ተቆርጦ አገኘነው። ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ጠጠር፣ የውሃ ማስወጫ ቱቦና ግፊቱ ሲበዛ የሚከፈት ቫልቭ ቢኖሩ ይህ አይደርስም ነበር። ውድ የሆነው ወረቀትዎ ላይ እነዚህ ካሉ፣ የዋጋው ልዩነት ከፊሉ ተገኘ።

ወደ 30 በመቶው እንምጣ። «ብረት ተወደደ» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን መልሱ ውሃ የሚያነሳ መሆኑን ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። ብረት ከጠቅላላው ዋጋ ስንት እጅ ነው? 10 በመቶ ነው እንበል። ብረት በ40 በመቶ ቢጨምር ጠቅላላው የሚጨምረው በ4 በመቶ ነው። 30 በመቶ ጭማሪ በብረት ብቻ እንዲመጣ ከተፈለገ ብረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰውዬውን አይጣሉት፣ በዝርዝር እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። የስምንት ወር በፊቱን ዋጋና የዛሬውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ ከውጭ የሚመጣው ፓምፕና ፊልተር፣ የሠራተኛ ቀን ሥራ። የአንዳንዱ ጭማሪ ፍትሐዊ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በምንዛሪ ይንቀሳቀሳል። ነዳጅ ሲጨምር ቁፋሮውም፣ ጠጠሩም፣ አሸዋውም አብሮ ይጨምራል። ሌላ ነገርም አለ፤ የመጀመሪያው ዋጋ ምናልባት በስልክ የተነገረ ግምት ነበር። ያኔ ሰውዬው ጓሮዎን እንኳ አላየውም ይሆናል። እንደሱ ከሆነ 30 በመቶው ጭማሪ አይደለም፤ የመጀመሪያ ስሕተቱ እርማት ነው። ይህንንም በግልጽ ቢነግርዎት ይሻላል።

ዋጋ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት አንዳንዴ ከማንም ኮንትራክተር እጅ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጠው በብዙ አገር የገንዳ ፈላጊው ቁጥር ባንዴ ጨመረ። በ2021 የካቲት ላይ ቴክሳስን የመታው ብርድ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካዎችን ዘጋና የፒቪሲ ቧንቧ ተወደደ። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2020 ሉዊዚያና ውስጥ ከአውሎ ነፋስ በኋላ የተቃጠለ አንድ የክሎሪን ፋብሪካ በቀጣዩ ዓመት የገንዳ ውሃ ማጽጃ የክሎሪን ክኒን እጥረትን አባባሰ። እንዲህ ያለው ግርግር ሲበርድ የዕቃ ዋጋ መለስ የሚልበት ጊዜ አለ። የሠራተኛ ዋጋ ግን አንዴ ከወጣ አይወርድም።

ስለዚህ «ልጠብቅ ወይ?» ላሉት፦ ዋጋ እስኪወርድ ብለው አይጠብቁ። ሥዕሉ እስኪያልቅና ገንዘቡ እስኪሞላ ግን ይጠብቁ። ግማሽ ገንዘብ ይዞ ጉድጓድ ከማስቆፈር አለመጀመር ይሻላል። ቆሞ የከረመ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፣ የታሰረ ብረት ይዝጋል፣ ኮንትራክተሩም ሲመለስ በአዲስ ዋጋ ነው የሚመለሰው። ከዚህ ሌላ የሚጠብቁበት ጥሩ ምክንያት አንድ ነው፤ ኮንትራክተሮች ሥራ የሚያጡበት ወቅት። ሁሉም ሰው ሙቀት ሲጀምር ገንዳ ያምረዋል። ከዚያ ቀድሞ የተዋዋለ ሰው ዋጋም ያገኛል፣ ትኩረትም ያገኛል።

ዕቃ አስቀድሞ መግዛት ይሠራል፣ ግን የሚቀመጠውን ብቻ። ብረትና ሴራሚክ ደረቅ ቦታ ይቆያሉ። ሲሚንቶ አይቆይም፤ ሦስት ወር ካለፈው ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። የፒቪሲ ቧንቧ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቃል። ፓምፕ አስቀድመው ከገዙ ዋስትናው መቁጠር የሚጀምረው ከግዢው ቀን ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ያንብቡ። ኮንትራክተሩ «ዕቃ ልግዛበት» ብሎ ገንዘብ ከወሰደ ደግሞ ዕቃው እርስዎ ግቢ ይራገፍ፣ ደረሰኙም በስምዎ ይሁን።

ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ካለ አይደንግጡ። ጭራሽ አይነካም የተባለ ዋጋ ውስጥ ኮንትራክተሩ ፍርሃቱን ደምሮ ነው የሚሰጥዎት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ሦስት አራት ዕቃዎች ብቻ፣ ብረት፣ ሲሚንቶና ፓምፑ ለምሳሌ፣ የዛሬ ዋጋቸው ውሉ ላይ ይጻፍ። ከ5 በመቶ በላይ ከጨመሩ ልዩነቱ በደረሰኝ ይከፈላል፤ ከቀነሱም ይቀነሳል። ሌላው ሁሉ አይነካም። «ከቀነሱም» የምትለዋን ሲያነቡ ፊቱን ይመልከቱት።

ክፍያውን በተመለከተ መርሑ አጭር ነው። ገንዘብዎ ሥራውን አይቅደም። ግማሹን በቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ወይ የእርስዎን ገንዘብ ለሌላ ሳይት ሊያውለው ነው፣ ወይ አቅም የለውም። መጠነኛ ቀብድ ይስጡ። ከዚያ ቁፋሮ ሲያልቅ፣ ብረት ታስሮ መሐንዲስ ሲያየው፣ ኮንክሪት ሲሞላ እያሉ በሥራው ልክ ይክፈሉ። አንዱ ክፍያ ግን ከሁሉም በላይ ነው፤ የውሃ ሙከራው። ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት በግፊት ተሞልቶ ይደር። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ጠዋት ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ያኔ መገጣጠሚያውን ማግኘት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከንጣፍ ሥር ሆኖ ሲያፈስ ግን ሙሉ ንጣፍ ያስነሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ገንዳው ራሱም ሴራሚክ ሳይለጠፍ በፊት ይሞላና ይታይ። ውሃ በትነትም ስለሚቀንስ፣ ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው ደረጃው ላይ ያስቀምጡ፤ የባልዲውንም የገንዳውንም ከፍታ ምልክት ያድርጉበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ እየፈሰሰ ነው። ከጠቅላላው 5 ወይም 10 በመቶ ደግሞ ገንዳው ለጥቂት ወራት እስኪሠራ ድረስ እጅዎ ይቆይ።

ስለ ዋጋ ሰጪዎቹ ባሕርይም ትንሽ ልበል። በጣም ርካሹ ሁልጊዜ አታላይ አይደለም። አንዳንዴ ሌላ ዓይነት ገንዳ ነው ያሰበው። በብሎኬት ተገንብቶ ውስጡ የፕላስቲክ ልባስ የሚለብስ ገንዳ መጀመሪያ ላይ ይረክሳል፤ ልባሱ ግን በየ10 ዓመት ገደማ መቀየሩ አይቀርም። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፋይበርግላስ ደግሞ በፍጥነት ያልቃል፤ ክሬንና ሰፊ መግቢያ ከሌለ ግን አይሆንም። በጣም ውዱም ሁልጊዜ ስግብግብ አይደለም። ሁሉን አስልቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። በእኛ ሙያ «አልፈልግም» ማለት ስለሚከብድ፣ ሰው ሥራውን ካልፈለገው ዋጋውን ይቆልላል። እሺ ካሉት ይሠራዋል፣ ካላሉትም አይከፋውም።

ለመቀነስ ከፈለጉ የሚቀነስበት ቦታ አለ። ቅርጹን አራት ማዕዘን ያድርጉት፤ ኩርባ ፎርምዎርኩንም ሴራሚኩንም ያስወድዳል። ጥልቀቱን ይቀንሱ፤ ሁለት ሜትር የሆነ ጥልቅ በኩል በሕልም ካልሆነ ማንም አይጠቀምበትም። ማሞቂያና ተጨማሪ መብራት ለሌላ ዓመት ይቆዩ፤ ብቻ ቱቦአቸው አሁን ይቀበር። የዙሪያ ንጣፉም ቀለል ያለ ይሁን። ብረቱን፣ ኮንክሪቱን፣ ውሃ መከላከያውንና ኧርዙን ግን እንዳይነኩ። ቧንቧውንም ከማይነኩት ጋር ይጨምሩት። በ50 ሚሊሜትር ፋንታ 63 ሚሊሜትር ቧንቧ ቢዘረጋ ያንኑ ያህል ውሃ ለመግፋት ፓምፑ የሚገጥመው ትግል ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ የዋጋው ልዩነት ግን ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ፓምፑም እንደዚያው ነው። 45 ኩብ ውሃ በስድስት ሰዓት ለማዞር በሰዓት 7.5 ኩብ የሚገፋ ይበቃል። «ትልቅ ፓምፕ ይሻላል» የሚልዎትን አይስሙ፤ ትልቁ ፓምፕ ፊልተሩንም የመብራት ሂሳብዎንም ነው የሚጎዳው። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ሲገዙት ይወደዳል። ግን ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሱት የሚወስደው ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ ሰዓት ቢያሠሩት እንኳ የሚፈጀው መብራት ሩብ ነው። በተግባር ቁጠባው ከስሌቱ ትንሽ ያንሳል፤ ቢሆንም ዋጋውን በጊዜ ሂደት ይመልሳል።

ከመፈረምዎ በፊት እያንዳንዳቸው የሠሩትን ገንዳ ያሳይዎት። አዲሱን ሳይሆን ሦስት ዓመት ያለፈውን። ባለቤቱን ለብቻው አግኝተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «መጀመሪያ ከተነገረህ ዋጋ መጨረሻ ላይ የከፈልከው በስንት በለጠ?» ስለ ጥራት የሚነግርዎት ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። በገንዳ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ሰው እንኳ ከተመነው ዋጋ ትንሽ ማለፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ከጠቅላላው 10፣ 15 በመቶ ለብቻው ያስቀምጡ። መኖሩን ግን ለኮንትራክተሩ አይንገሩት።

ነገ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ መሐንዲሱን ከመጥራትዎ በፊት ሁለት ሠራተኛ ቀጥረው ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ጠርዙ እንዳይናድባቸው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሌሊት ደግሞ ሕፃን እንዳይገባበት ይከደን። ዓለት ካለ ያን ዕለቱን ይታወቃል። ውሃ መኖሩን ለማወቅ ያሳድሩት። ጠዋት ውስጡ ውሃ ካገኙ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ በሜትር ለክተው ፎቶ ያንሱት፤ ዝናብ ሲበዛ ከዚያም ከፍ ሊል ይችላል። ያንን ፎቶና ቁጥር ከሥዕሉ ጋር ለሦስቱም ይላኩላቸው፣ አዲስ ዋጋ ለማምጣትም አንድ ሳምንት ይስጧቸው። መካከለኛው ሰውዬ በዚያ ሳምንት ውስጥ የብረቱን ዝርዝር ይዞ ከመጣ፣ እኔ ብሆን ከሱ ጋር ነበር መነጋገር የምጀምረው።